በሩ እስኪገጥም

እቴቴ በር ካልተገጠመላት ገላዋን እንደማትታጠብ ከተናገረች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰላም የለም። መታጠቢያ ክፍሉ መጋረጃ አለው፤ እናቴ የሰቀለችው፣ ወፍራም፣ እስከ መሬት የሚደርስ። እቴቴ ግን መጋረጃ በር አይደለም አለች፤ አለቀ። በሳህን ውሃ እያስመጣች ፊቷንና እጇን ትታጠባለች፣ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ የቻለችውን ያህል ትጠራርጋለች። "ዕድሜ ልኬን ለሰው በር ስሰራ ኖሬ፣ እኔ ራቁቴን በጨርቅ ተጋርጄ አልቀመጥም" ነው ያለችው። ምን ይባላል? እኔም ብሆን አልቀመጥም።

እቴቴ የአባቴ እህት ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ቤቱ የሦስታችን ነው፤ የእሷ፣ የእናቴና የእኔ። ከልጅነቷ ጀምሮ ግራ እግሯ ከቀኙ ያጥራል። ውጭ ስትወጣ ሶሉ የተደራረበ ጫማ ታደርጋለች። ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ወንበር ስትጠግን፣ ቁም ሳጥን ስትሰራ፣ የሰፈሩን በርና መስኮት ስታዘጋጅ ነው የኖረችው። ዘንድሮ ዳሌዋ እምቢ አለ። ሐኪሙ ዊልቸር አዘዘላት። ዊልቸሩ ደግሞ በመታጠቢያ ክፍሉ በር አልገባም አለ።

በሩን እንዲያሰፋ የጠራነው የሰፈሩን አናጢ ነው። ስሙን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም "ቅዳሜ" ነው የሚለው፣ ማንኛውንም ስራ የሚቀጥረው ለቅዳሜ ስለሆነ። መጣ፤ ግድግዳውን አፈረሰ፤ የድሮውን በር ነቅሎ ወሰደ፤ ሰፊ መቃን ገጠመ፤ "በሩን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ" አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ እናቴን ጠይቁ። እሷ ትቆጥራለች፤ እኔ ደክሞኛል።

ስለዚህ በሩን የምሰራው እኔ ሆንኩ።

የምሰራው ቀለም ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የቀለም ውፍረት እለካለሁ፣ ደረቀ አልደረቀም እያልኩ ጥፍሬን እተክልበታለሁ። ወደ ቤት ስመለስ እግሬ የእኔ አይደለም። ይሁንና እቴቴ ስር ሰጋቱራ ስጠርግና ጣውላ ስይዝላት ስላደግኩ መጋዝ አያስፈራኝም። መሳሪያዎቿን ሰጠችኝ አልልም። የክፍሏን ቁልፍ ስታቀብለኝ ያለችው፣ "እስክድን ተገልገዪበት። ምንም ነገር እንዳትነካኪብኝ" ነው።

እስክድን። ሐኪሙ ስለ መዳን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ጓሮ ያለችው ክፍል ጠባብ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም የስራ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የታሰረ፣ ጣውላ ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ መሳሪያ የራሱ ሚስማር አለው፤ አንስተሽ ስታይው ከኋላው ግድግዳው ያልጠቆረበት የመሳሪያው ቅርጽ ቀርቷል። አዲስ ሆኖ የተገዛ ነገር የለም። መጋዙ ጡረታ የወጣ የአንድ አናጢ ነበር። መሮዎቹ እቴቴ ጋ ሲደርሱም አሮጌ ነበሩ፤ ከመሳል ብዛት አጥረው የጣት ያህል ቀርተዋል። የመዶሻው ራስ ከአንዱ፣ እጀታው ከሌላው የመጣ ነው። መላጊያው ሙያውን ካስተማራት ሰውዬ የተረፈ ነው፤ አካሉ እንጨት፣ ምላጩ ወፍራም ብረት፣ መያዣው ስንት መዳፍ ሲጨብጠው ኖሮ እንደ ሳሙና የለሰለሰ።

ሰዎች ስለ አሮጌ መሳሪያ የሚያወሩት ነገር ይሰለቸኛል። "ታሪክ አለው" ይላሉ። ታሪክ እንጨት አይልግም። የስራ ባልደረባዬ በኤሌክትሪክ የሚሰራ መላጊያ አውሶኝ ነበር፤ ጩኸቱ ሰፈሩን አስወጣ፣ ጣውላውን አይጥ የበላው አስመስሎ ሰጠኝ። በማግስቱ መለስኩለት። የእቴቴ መላጊያ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ፍቅፋቂው ከአፉ እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ የፋብሪካ ሞተር ሲጮህባት ለዋለች ሴት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጣውላዎቹን ቆረጥኩ፣ ጠርዛቸውን ላግኩ፣ ኮላ ቀብቼ ጎን ለጎን ገጠምኳቸው፣ በገመድ ጠፍሬ አሳደርኳቸው። በማግስቱ ከስራ መጥቼ ገመዱን ስፈታው በሩ ሆድ አውጥቷል። መሃሉ ተነፍቶ፣ ዳርና ዳሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ።

እናቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በጓሮ ስታልፍ አየችው።

"ይሄ በር ነው ጀልባ?"

"በር ነው።"

"ስንት ወሩ ነው ታዲያ?"

"እማዬ፣ ሂጂ በቃ።"

"ሙሽራዬ፣ ልጅቷን አታድርቂያት!" አለች እቴቴ ከጓዳው በር ላይ፣ ከዊልቸሯ ሆና። እናቴን እስከ ዛሬ ሙሽራዬ ነው የምትላት፤ ሙሽራዋ ፀጉሯ ሸብቷል። "ምሩቋ፣ አምጪው እስኪ ልየው።"

ምሩቋ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። በሩን እየጎተትኩ ወሰድኩላት። መዳፏን ከዳር እስከ ዳር አስኬደችበት፤ ሆዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እጅሽ ነው" አለች።

"መላጊያው ነው።"

"መላጊያው አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። እጅሽ ነው። ትቸኩያለሽ። ስትወለጂም ቸኩለሽ ነው።"

"በሰባት ወሯ" አለች እናቴ ገመዱ ላይ ልብስ እየሰቀለች። "እኔም ሳልዘጋጅ።"

በሩን በመሮ ለያየሁት። የግማሽ ሳምንት ድካሜን ኮላ በልቶት ቀረ። በሚቀጥሉት ቀናት ከስራ ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር በቀጥታ ወደ ጓሮ እየሄድኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ እንደገና ላግኩ። አልቸኮልኩም። እንዲያውም ለመቸኮል የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። ከዚያ ማዕዘን ቀጥ ማለቱን የሚለካውን ብረት፣ ስኳድራውን፣ ከግድግዳው አውርጄ ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩት። በአንዱ በኩል ብርሃን ሾልኮ ታየኝ። ሌላውን ጣውላ ሞከርኩ፤ እዚያው ቦታ፣ ያው ብርሃን። ሁሉም ጣውላ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ሁሉም እኩል። እጅ ሲሳሳት እንዲህ እኩል አይሳሳትም፤ ይሄን ለማወቅ ላብራቶሪ መግባት አያስፈልግም።

ምላጩን አወጣሁት። የቀኙ ማዕዘን ከግራው ወጣ ብሏል። በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ላቃናው ብል ጎኑ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል፤ መሄጃ የለውም። ሲሳል ሲሳል ኖሮ፣ ቀስ በቀስ፣ ብረቱ ራሱ አጋድሏል።

አንድ ጊዜ እንኳን ትክክል ሆኜ ልገኝ ብዬ ምላጩንና ስኳድራውን ይዤ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ እግሬን እየጎተትኩ ነው።

እቴቴ መስኮቱ ጋ ነበረች። ሰሞኑን ዊልቸሯን እዚያ ነው የምታስደርገው፤ ከሰው ራቅ ብላ፣ መስኮቱን ከፍታ። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። ለምን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ሦስታችንም አናወራውም።

"እይው" አልኳት፤ ስኳድራውን ምላጩ ላይ አስደግፌ። "ያጋድላል።"

"የምን ማጋደል! እኔ የሳልኩት ነው።"

"እኮ! አንቺ የሳልሽው ነው።"

"ስኳድራው ይሆናል የተጣመመው።"

"ስኳድራውም ያንቺው ነው።"

እናቴ ከጓዳ ሳቀች። እቴቴ ምላጩን ተቀበለችኝና አውራ ጣቷን ስለቱ ላይ በአግድም ሳብ አደረገችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም።

"ያ ቁም ሳጥን የማን ስራ ነው?" አለች በአገጯ እያሳየችኝ።

"ያንቺ።"

"በምን ነው የላግኩት? በጥርሴ? በዚሁ ነው። ሂጂ ለኪው።"

ሄጄ ለካሁት። በሮቹን፣ መሳቢያዎቹን፣ የጀርባውን ጣውላ። ስኳድራው ሁሉም ቦታ ልክክ አለ፤ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት እንኳ የለም። ያጋደለ ምላጭ፣ ቀጥ ያለ ቁም ሳጥን። ምንም አልገባኝም።

"እህስ?" አለች እቴቴ።

"ደክሞኛል" አልኳትና ሄጄ ተኛሁ።

ነገሩ የገባኝ አስቤበት አይደለም፤ ኮላ ጫማዬ ላይ ስለፈሰሰ ነው። በማግስቱ ጣሳውን ሳነሳ አዘነበለና የስራ ጫማዬን ሞላው። አውልቄ ወረወርኩትና ጠረጴዛው ስር ያለውን የእቴቴን ነጠላ ጫማ አደረግኩ፤ ሁልጊዜ ስትሰራ የምታደርገውን። ያ የተደራረበው ጫማዋ ፍቅፋቂ ላይ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ አድርጋው አታውቅም። የነጠላ ጫማው የግራው ሶል ተበልቶ ወረቀት ሆኗል፤ የቀኙ ገና ወፍራም ነው። ስቆም ወደ ግራ ዘንበል አልኩ። አልተመቸኝም፤ ግን ባዶ እግሬን ከመቆም ይሻላል ብዬ ላግኩ።

ስኳድራውን ሳስቀምጥ ብርሃኑ በግማሽ ቀንሷል።

ለጥቂት ጊዜ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ከዚያ ከመሬት ቁራጭ ጣውላ አነሳሁና ከቀኝ እግሬ ስር አደረግኩት። አሁን በደንብ አጋደልኩ፤ ግራ ትከሻዬ ወረደ፣ መላጊያው አብሮኝ ወረደ። አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገፋሁ፣ ደግሜ ገፋሁ፣ ስኳድራውን አስቀመጥኩ። ልክክ።

መላጊያው የተሳለው ለሚያጋድል ሰው ነው። እቴቴ በአጭሩ እግሯ በኩል ተደፍታ ስትልግ መላጊያው ወደ ግራ ይበላል፤ እሷም ጠርዙ ቀጥ እስኪል ድረስ፣ በሳለች ቁጥር ሳይታወቃት የቀኙን ማዕዘን ትንሽ ታስረዝመዋለች። የሰፈሩ በር ሁሉ የተላገው እንደዚህ ነው።

ጓዳ ስገባ እቴቴ ገና ከሩቅ፣ "እህስ፣ ምን አገኘሽ?" አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳስበው ዘጋሁት። "ታዲያ ሳዪዋ" ብትል፣ ምላጩ ለእኔ ይቃናል፤ ለእሷ ግን ዳግመኛ አይሆንም። ሳዪው ካላለችም በሩ እስከሚያልቅ ድረስ ስንጨቃጨቅ ልንከርም ነው። ለየትኛውም አቅም አልነበረኝም።

"ምንም" አልኩ። "እጄ ነው።"

"አላልኩሽም? ሙሽራዬ፣ ሰማሽ? እጇ ነው!"

"ሰማሁ እትዬ" አለች እናቴ። እኔን ግን በጎሪጥ ታየኝ ነበር። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ምላጩ እንደሚያጋድል እኔም ባይኔ አይቻለሁ። ለምን ስለሽው አትገላግይንም? ሴትዮዋ እኮ እየተሸማቀቀች ልታልቅ ነው" አለችኝ።

"እሷ 'እስክድን' ብላ ነው ያዋሰችኝ።"

እናቴ ክንዴን ለቀቀችው። "እሱስ ልክ ነሽ" አለችና ሄደች። እናቴ እንደዚህ ባጭሩ ስትስማማ ሰምቼ አላውቅም።

ሁሉንም ጣውላ እንደገና ላግኩ፤ በነጠላ ጫማው፣ ቁራጩን ጣውላ ከቀኝ እግሬ ስር አድርጌ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። ከዚያ ግራ ጎኔ፣ ከዳሌዬ ከፍ ብሎ፣ እንደ ትኩስ ሚስማር ይወጋኝ ጀመር። ላብራቶሪ ቆሜ ቀለም ስለካ ሳላስበው እጄ እዚያ ቦታ ላይ እየሄደ ያሸው ነበር። ቦታውን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እቴቴ ከጓሮ ስትመጣ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ትተኛና "ነይ ርገጪኝ" ትለኝ ነበር፤ ወገቧ ላይ እወጣለሁ፤ "ወደ ግራ፣ ከፍ በይ፣ እዚያ ጋ፣ በተረከዝሽ" ትለኛለች። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ጫን ስላት እየሳቀች ታቃስታለች፤ እኔም እስቃለሁ።

እኔ በዚህ ሁኔታ የላግኩት አንድ በር ነው። ከዚያ በላይ ስለዚህ ነገር ማሰብ አልፈለግኩም፤ የሚቀጥለውን ጣውላ ሞርሳው ላይ አሰርኩ።

ሁለተኛው በር ሆድ አላወጣም። ገመዱን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስተኛው እንደ ውሃ ተኛ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ከፋብሪካ ለናሙና ተርፎ በሰጡኝ ቀለም ቀባሁት፤ ቀለሙ የትምህርት ቤት ግድግዳ የሚመስል አረንጓዴ ነው፣ ማንም አላጉረመረመም። እኔና እናቴ በሩን ተሸክመን ስናስገባ ሁለት ጊዜ አሳረፍን፣ አንድ ጊዜ ተሳደብን። እናቴ ከታች በእግሯ ደግፋ ስትይዝ ማጠፊያዎቹን በብሎን አሰርኩ። መቀርቀሪያውን ከውስጥ መታሁ። ከዚያ ገፋሁት። በሩ ሄዶ መቃኑ ውስጥ ገባ፤ ሲገባ እንደ ሳጥን ክዳን ቀስ ያለ ድምፅ አሰማ።

"ድገሚው" አለች እቴቴ ከዊልቸሯ ሆና።

ከፍቼ ዘጋሁት።

"መቀርቀሪያውን።"

ገብቼ ከውስጥ ቀረቀርኩት። ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። በመዳፏ ጠርዙን ከላይ እስከምትደርስበት ድረስ ዳሰሰችው። ምስጋና የሚባል ነገር አልወጣትም፤ ከእሷ ቢወጣ እደነግጥ ነበር። "ውሃ አሙቁልኝ" ነው ያለችው።

ይህን ጊዜ ስልክ ጮኸ። እናቴ አነሳችው፣ አዳመጠች፣ ዘጋችው። "ቅዳሜ ነው" አለች። "ቅዳሜ ይመጣል።"

እቴቴ ስትስቅ የሰማኋት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። ሳቋ ሳያልቅ፣ "ሙሽራዬ ከእኔ ጋር ትግባ። ምሩቋ ውጭ ትቀመጥ" አለች። ዊልቸሩ በሰፊው መቃን እንደ ቅቤ አለፈ። በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ተመታ።

ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጬ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። ለመነሳት አቅም አልነበረኝም። ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይመጣል፤ ከውሃው ጋር ጭቅጭቃቸው።

"በጣም አቃጠልሽኝ።"

"እትዬ፣ ለብ ያለ ነው።"

"ለአንቺ ነው ለብ ያለው። ጀርባዬን ፈትጊው፣ አትፍሪ፣ አይላጥም።"

ረጅም ጊዜ ቆዩ። የሳሙና ሽታ በበሩ ስር ወጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ልተኛ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ እቴቴ ስትጠራኝ።

"ምሩቋ! አለሽ?"

"አለሁ።"

"ሰሞኑን ጎንሽን እያሸሽ ነው።"

እጄን ከጎኔ ላይ አነሳሁ።

"ግራውን ነው?"

"አዎ።"

"ከዳሌሽ ከፍ ብሎ።"

"አዎ።"

ውሃው ቆመ። 

"እግርሽ ስር ምን አድርገሽ ነው የላግሽው?"

መዋሸት ደከመኝ። "ቁራጭ ጣውላ" አልኩ። "ያንቺን ነጠላ ጫማ ደግሞ።"

በበሩ ወዲያ ማዶ ምንም አልተሰማም። ደህና አድርጌ ገጥሜዋለሁ ማለት ነው፤ ትንፋሽ እንኳ አያሳልፍም። ከዚያ ውሃው እንደገና መፍሰስ ጀመረ፤ አንድ ጣሳ፣ ሌላ ጣሳ። ድምጿ ሲመጣ ከበፊቱ ዝቅ ያለ ነበር።

"ሳዪው።"

"ስትድኚ ደግሞ..."

"ሳዪው አልኩሽ። ቀጥ አድርገሽ። እንደኔ ተጣመሽ እንድትቀሪ ነው የምትፈልጊው?" ትንሽ ቆየችና፣ "ሙሽራዬ፣ ፎጣውን አቀብዪኝ፣ ምን ታለቅሻለሽ" አለች።

"ሳሙና ገብቶብኝ ነው" አለች እናቴ።

ምላጩን በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ ሳልኩት። ብረቱ ጠንካራ ነው። የመሳያ ድንጋዩን ውሃ እያጠጣሁ፣ ፊትና ኋላ፣ ፊትና ኋላ፤ ጥቁር ውሃ በጣቶቼ መሃል እየወረደ። ጠዋት ጀምሬ ስኳድራው ልክ ሲል ጣሪያው ላይ ያለው ፀሐይ ዞሮ በመስኮቱ ይገባ ነበር። ያ ትንሽ ማጋደል እስኪመጣ ስንት ዓመት እንደፈጀባት ክንዴ እስኪዝል ድረስ ሳስብ ዋልኩ። ነጠላ ጫማውን አውልቄ ጠረጴዛው ስር መለስኩት። የራሴን ጫማ አድርጌ በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከርኩት። ልክክ።

እቴቴ በረንዳው ላይ ነበረች፤ ፀጉሯ ተሰርቶ፣ ከጎረቤታችን ጋር ወሬ ይዛ። ምላጩን ሰጠኋት። አውራ ጣቷን በአግድም ሳበችው፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ብርሃኑ አነሳችው።

"አሁን ደግሞ ለእኔ ያጋድላል" አለች፤ መልሳም ሰጠችኝ።

 ወዲያው ወደ ጎረቤቷ ዞረች።

"ምሩቋ" አለች ሳታየኝ፤ "የጓዳው መስኮት አይዘጋም፤ ከዓምና ጀምሮ ነው። ስትሰሪው ማጠፊያውን አትንኪው፤ ጠርዙን ብቻ ነው።"

"ዛሬ ደክሞኛል።"

"ዛሬ አላልኩም" አለች። "ቅዳሜ።"